ሶሻል ስተዲስ ለሐኪም ምን ይሠራለታል?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚመርጥበት ጊዜ ደርሶ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ልጁ ስለ መንግሥት አሠራር የሚሰጠውን ትምህርት በኤፒ (በሃይስኩል በሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ልውሰድ ይላል። በዚያ ላይ ኤፒ አፍሪካን አሜሪካን ስተዲስ የሚባል፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚያስተምር ጨምሯል፤ ወደ ፊት ደግሞ ሳይኮሎጂ አስቧል። አባቱ አገር ቤት ናቹራል ሳይንስ ተምሮ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው ነው። ‹ሐኪም እሆናለሁ የሚል ልጅ ታሪክ ምን ይሠራለታል? በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ሳይንስ ይውሰድ› ብሎ ፎርሙ ላይ አልፈርምም አለ። እኔ ማታ ስለምሠራ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠርቶ ሲያስረዳ አልተገኘሁም፤ የቱ ግዴታ፣ የቱ ምርጫ እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ለዜግነት ፈተናም እየተዘጋጀሁ ስለሆነ ልጄ ‹እማዬ፣ እኔ የምማረው እኮ አንቺ የምታጠኚውን ነው› ይለኛል። ማንን ልስማ? እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለባለቤትዎ ልከራከርላቸው። ግትርነት አይደለም የያዛቸው፤ ያዩት ነገር አለ። አገር ቤት አሥረኛን የጨረሰ ልጅ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ ይለያል። ሶሻል የገባው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይዞ አሥራ ሁለተኛ ላይ ይፈተናል፤ ከዚያ በኋላ ሕክምና ልማር ቢል የሚሰማው የለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው መጣ፦ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ። በዚያ ሥርዓት ያለፈ ወላጅ «ልጅህ ሶሻል መረጠ» ሲባል የሚደነግጠው የሕክምናው ነገር ያን ዕለት ያበቃለት ስለሚመስለው ነው። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ የተረፈው ሶሻል ይገባል የሚለው ንቀትም አብሮን ተሻግሯል። እሱን እንኳ ቦሌ ላይ ጥለነው ብንመጣ ይሻለን ነበር።

እዚህ አገር ያ መለያያ የለም። ልጅዎ ጠዋት ኬሚስትሪ፣ ከምሳ በኋላ ታሪክ ይማራል፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ እንዲሁ ነው። ኮሌጅ ገብቶም ቢሆን ዋና ትምህርቱን ታሪክ ወይም ፖለቲካል ሳይንስ አድርጎ፣ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁትን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ጎን ለጎን ጨርሶ ለሕክምና ማመልከት ይችላል። የሚያመለክቱም የሚገቡም አሉ።

ባለቤትዎን ያሳምናል የምለው ግን ሌላ ነው። የሕክምና መግቢያው ፈተና፣ ኤምካት የሚባለው፣ አራት ክፍል አለው። ሁለቱ እሳቸው እንደሚጠብቁት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ናቸው። ሦስተኛው ከ2015 ጀምሮ የተጨመረ ሲሆን በአብዛኛው ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ነው (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አራተኛው ምንም ሳይንስ የለበትም፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከፍልስፍና፣ ከሥነ ጽሑፍ የተወሰደ ረጅም ምንባብ ይሰጥና ጸሐፊው ምን እንዳለ፣ ምን እንዳላለ፣ ክርክሩ የት ላይ እንደሚላላ ይጠየቃል። የአራቱም ነጥብ እኩል ነው። ጎበዝ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በዚህኛው ክፍል ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ። በአሥር ዓመታቸው ከአዲስ አበባ የመጡም፣ እዚሁ የተወለዱም ነበሩባቸው፤ የጎደላቸው እንግሊዝኛ ሳይሆን ከባድ ጽሑፍ ተከራክሮ የማንበብ ልምድ ነው። ያ ልምድ በሃይስኩል የሚገኘው እንግሊዝኛና ሶሻል ስተዲስ ክፍል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ግዴታውና ምርጫው ልግባ፤ ጭቅጭቃችሁን ግማሽ በግማሽ የሚያቃልለው ይኼ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዲፕሎማ ለማግኘት ሦስት የሶሻል ስተዲስ ክሬዲት ግዴታ ነው፦ የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክና የመንግሥት ትምህርት። በእናንተ ካውንቲ፣ በሞንትጎመሪ፣ የተለመደው ቅደም ተከተል ዘጠነኛ ላይ የአሜሪካ ታሪክ (ልጅዎ አሁን ያለበት)፣ አሥረኛ ላይ ልጆቹ «ኤንኤስኤል» የሚሉት የፌደራል፣ የግዛትና የአካባቢ መንግሥት ትምህርት፣ አሥራ አንደኛ ላይ የዓለም ታሪክ ነው። ለመንግሥት ትምህርቱ የግዛቱ ፈተናም አለው። ስለዚህ አባት ፈረሙም አልፈረሙም በሚቀጥለው ዓመት ኤንኤስኤል አይቀርም፤ ክርክሩ በኦነርስ (ከመደበኛው ከፍ ባለው፣ ከኤፒ ግን በሚቀለው ደረጃ) ይውሰደው ወይስ በኤፒ በሚለው ላይ ብቻ ነው። ሳይንሱም የራሱ ሦስት ክሬዲት ስላለው ሶሻል ስተዲስ ቦታውን አይነካበትም። በእውነት የሚሻሙት ሁለት ነገሮች አፍሪካን አሜሪካን ስተዲስና የአባቱ «ሁለተኛ ሳይንስ» ናቸው፤ ሁለቱም ምርጫ ስለሆኑ አንዲቷን ነጻ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋሉ። እሷም ቢሆን ብዙ ጊዜ ነጻ አይደለችም፤ ስፖርት፣ ጤና፣ ኪነ ጥበብና ቴክኖሎጂ ላይ ያልተሟላ ክሬዲት ካለው እሱ ይቀድማል። ካውንስለሩን፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ይሁን።

ኦነርስና ኤፒን በተመለከተ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። በዚህ ካውንቲ ዌይትድ ጂፒኤ በሚሉት፣ ለከበደ ትምህርት ተጨማሪ ነጥብ በሚያስይዘው ስሌት ኤ ያመጣ ልጅ ትምህርቱ ኦነርስም ሆነ ኤፒ እኩል 5 ነጥብ ነው የሚያዝለት። በኦነርስ ኤ ያለው በኤፒ ሲ ካለው ይበልጣል፤ ሲ 3 ነው። «ኤፒ የሚለው ስም ብቻውን ጂፒኤ ከፍ ያደርጋል» እየተባለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚወራው ልክ አይደለም። የኤፒ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የንባቡ ክብደት፣ ኮሌጆች ማመልከቻ ሲያዩ ልጁ ራሱን መፈተኑን ማየታቸው፣ በግንቦት ወር በሚሰጠው ፈተና ከ5 ጥሩ ነጥብ ካመጣ ደግሞ የኮሌጅ ክሬዲት። ክሬዲቱን አንዳንዱ ኮሌጅ በ3 ይሰጣል፣ አንዳንዱ 4 ወይም 5 ይላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሰጥም። የፈተናው ክፍያ መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ ስላለ ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

እኔን ከጠየቁኝ ኤንኤስኤልን በኤፒ ይውሰደው። ምክንያቴ ጂፒኤውም ኮሌጁም አይደለም። ለስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ከሃይስኩል ትምህርት ሁሉ ለቤቱ የሚተርፈው ይኼ ስለሆነ ነው። ኤፒው ተማሪው ጠንቅቆ እንዲያውቃቸው የሚያስገድድ ዘጠኝ መሠረታዊ ሰነዶችና አሥራ አራት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አሉት። አንዱ ውሳኔ የራሳችሁ ግዛት ነው፦ በ1819 ሜሪላንድ ባልቲሞር ያለውን የፌደራል ባንክ ቅርንጫፍ ግብር ልታስከፍል ስትል ፍርድ ቤቱ ግዛት የፌደራሉን መንግሥት ተቋም ግብር ሊጥልበት አይችልም ብሎ ፈረደ። ሌላው የ1969ኙ ነው። አዮዋ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ፣ ወንድሟና ጓደኛቸው የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ታገዱ፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሰባት ለሁለት ተፈረደላቸው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህንን አንብቦ «ዳይሬክተሩ ምን ድረስ ሊያዘኝ ይችላል?» ብሎ እራት ላይ ሲጠይቅ አባቱ መልስ ማዘጋጀት አለባቸው። ፈተናው ውስጥ ደግሞ ሠንጠረዥና ግራፍ አንብቦ መተንተን የሚጠይቅ የጽሑፍ ጥያቄ አለ፤ ለሒሳብ ሰው የሚሆን።

የልጅዎ «አንቺ የምታጠኚውን ነው» ማለት ቀልድ አይደለም። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ የዜግነት ማመልከቻ ያስገባ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያስገባ በቀድሞው ይፈተናል፤ 100 ጥያቄ ተጠንቶ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ አለፈ። እርስዎ በየትኛው እንደሚፈተኑ ደረሰኝዎ ላይ ያለውን ቀን ይዩ፤ ዩቲዩብ ላይ አሁንም የድሮውን ብቻ የሚያስጠኑ አሉ። ልጅዎ ግሪን ካርድ ይዞ ከእርስዎ ጋር የሚኖር ከሆነና እርስዎ ዜግነት የወሰዱት እሱ 18 ሳይሞላው ከሆነ፣ በ2000 በወጣው ሕግ እሱም በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል። የእናንተ ጉዳይ ዝርዝር ካለው ጠበቃ ይጠየቅ እንጂ ሕጉ ይኸው ነው። የእርስዎን ፈተና ማለፍ እሱም እንደ ራሱ ጉዳይ ይየው፤ ማታ ማታ እሱ ይጠይቅዎት።

አፍሪካን አሜሪካን ስተዲስን በተመለከተ ባለቤትዎ እርስዎ ደብዳቤው ውስጥ ያልጻፉት ሌላ ቅሬታ ሊኖራቸው ይችላል፤ «የነሱ ታሪክ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ከብዙ ወላጅ እሰማለሁ። ይህ ትምህርት በ2022 ለሙከራ ተጀምሮ ከ2024 መኸር ወዲህ ለፈለገ ትምህርት ቤት ሁሉ ክፍት ሆኗል፤ በየትምህርት ቤቱ ግን አይሰጥም። የሚጀምረው ከባርነት ሳይሆን ከአፍሪካ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ከግብፅ፣ ከኑቢያና ከኖክ ጋር አክሱም ይገኛል። የሚገርመው የዓለም ታሪክ ኤፒ ላይ አክሱም የለም። እሱ ከ1200 ገደማ ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ በመካከለኛው ዘመን የአፍሪካ መንግሥታት ምሳሌነት ከታላቋ ዚምባብዌና ከሐውሳ ጋር ትጠቀሳለች፣ የነ ኢዛና ዘመን ግን አልፏል። በኤፒ ታሪክ ስለ አክሱም ለመማር የእናንተ ልጅ ያለው መንገድ «የነሱ» ያልነው ትምህርት ነው።

ደግሞም «የነሱ» የሚለው ብዙ አይዘልቅም። ባርነትን የታገሉት ፍሬድሪክ ዳግላስም ሐሪየት ተብማንም የተወለዱት እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በባርነት የኖረው የጆሳያ ሄንሰን ሙዚየም ከቤታችሁ በመኪና ቅርብ የሆነው ኖርዝ ቤተስዳ ላይ አለ። ሰውን በትውልድ አገሩ ኮታ እየለየ ያስገባ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ የተሻረው በ1965፣ የጥቁሮች የመብት ትግል ባመጣው ነፋስ ነው። ዲቪ እንኳ ያንን ተከትሎ በ1990 የወጣ ሕግ ነው። በዲቪ ለመጣ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ልጁም መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው «ሐበሻ ነህ ወይስ አሜሪካዊ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በአሥረኛ ክፍል ሁለቱንም በኤፒ ይውሰድ አልልም። ሁለቱም ንባብ የበዛባቸው ናቸው፤ ከኬሚስትሪው ጋር ሲደመሩ እንቅልፍ የሚሰዋው ልጁ ነው። ለመወሰን የሚረዳ ነገር ልንገርዎት፤ ባለቤትዎም ቢኖሩበት ደስ ይላቸዋል። የሃይስኩል ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዓድዋ መቼ ነበር ተብሎ «የካቲት 23 ቀን 1888» (በኛ አቆጣጠር) ብሎ መመለስ ነው። ኤፒ ላይ ይኼ ብቻውን ዋጋ የለውም። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ላይ የዓለም ታሪክን በኤፒ ቢወስድ ፈተናው ላይ ሰባት ሰነድ ይሰጠዋል፦ ደብዳቤ፣ ንግግር፣ ካርታ፣ ሥዕል። በ60 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ፣ ከሰነዶቹ ተነሥቶ የራሱን ክርክር መጻፍ አለበት።

በትንሹ ቤት ውስጥ ይሞከር። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያደረጉትን ንግግር በእንግሊዝኛ አውጥታችሁ ሁለት ገጽ ያህሉን አትሙለት። ሩብ ሰዓት ያንብበው፣ ግማሽ ሰዓት ይጻፍ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ያን ዕለት ማንን ነው የሚያሳምኑት፣ በምንስ መንገድ? ገና ያልበሰለ ልጅ «ጣልያን የመርዝ ጋዝ ረጨ አሉ፣ እርዱን አሉ» ብሎ ያጠቃልላል። ይህ ማጠቃለያ እንጂ ክርክር አይደለም። የበሰለው ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ ይጠይቃል። ማዕቀቡ ሊነሣ በተቃረበበት ሰሞን የሚናገር መሪ ጣልያንን ሊያሳምን እንዳልመጣ ያስተውላል። ጉዳዩን የኢትዮጵያ ብቻ ሳያደርግ የትንንሽ አገሮች ሁሉ ጉዳይ ያደረገው ለምን እንደሆነ ያብራራል። በጣም የበሰለው ደግሞ «ይህ የተበዳይ ቃል ነው፤ የእንግሊዝን ወይም የፈረንሳይን ሰነድ ባገኝ ይህን ይህን አይበት ነበር» ይላል። እንደ ሁለተኛው ከጻፈ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም ኤፒ ይሸከማል። እንደ መጀመሪያው ከሆነ አያፍርም፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ኤንኤስኤልን ብቻ በኤፒ ይውሰድና አፍሪካን አሜሪካን ስተዲስን ለአሥራ አንደኛ ያቆየው። ያን ጊዜ ከዓለም ታሪኩ ጋር ይደጋገፉለታል።

ሳይኮሎጂው አሁን አይነሣ። አሥራ አንደኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ላይ ይደርሳል፤ ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ኤምካት ላይ ያልኩትን ያስታውሱ። ሁለተኛ ሳይንስ ደግሞ አሥረኛ ላይ አይቸኮልበት። አናቶሚም ኤፒ ባዮሎጂም ኋላ ይመጣሉ፤ ኬሚስትሪን በደንብ ያልያዘ ልጅ ላይ መደረቡ ሁለቱንም ያሳጣል። ይህንን ለባለቤትዎ ከእኔ ይልቅ የሳይንስ መምህሩ ቢነግሯቸው ይሻላል።

ስብሰባው ማታ ስለሆነ አመለጠኝ ላሉት፦ ቀን እንዲያነጋግሩዎት ለካውንስለሩ ኢሜይል ይጻፉ። ትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛ በካውንቲው ዘወትር ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። መካከል ላይ ገብቶ የሚፈልገውን ብቻ የሚተረጉም ልጅ ስንት አይተናል። ስልክ ላይም ቢሆን ይሆናል፤ ባለቤትዎ ከሥራ ቦታቸው በዚያው መስመር ይግቡ። የሚጠይቋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ምን ምን ግዴታ ክሬዲት ይቀረዋል? አፍሪካን አሜሪካን ስተዲስ በዚህ ትምህርት ቤት ይሰጣል ወይ? ኤፒው ከብዶት ወደ ኦነርስ ልመለስ ቢል እስከ መቼ ይፈቀድለታል? የመጨረሻውን ጥያቄ አይርሱ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው። ኤንኤስኤል የሚያስተምሩት መምህር የኤፒውን የንባብ ዝርዝር እንዲልኩላችሁም ይጠይቁ፤ ባለቤትዎ እሱን አይተው ፎርሙ ላይ ይፈርሙ።